ቀዳዳ

ውርጩ ሲጋግር አድሮ፥ ገና በማለዳ፥
የደብረ ብርሃን ቧንቧ ጉሮሮው ሲፈነዳ፥
"ድረስ!" ነው ጥሪዬ፤ ስልኬ አያስተኛኝም፤
ከ"ቧንቧው" በስተቀር ሌላ ስም የለኝም።
አንድ ቀን በሬሳ፥ አንድ ቀን ጠባሴ፥
ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ፥ ረጥቦ ልብሴ፥
እደፍናለሁ።
ቀዳዳ ጠላቴ፤
ቀዳዳ እንጀራዬ፥ የምሽት እራቴ።

ጋሽ አጥላባቸው ነው፥ የፋብሪካው ዘበኛ፥
የብርድ ልብስ ጠባቂ፥ የብርድ ጓደኛ፥
"ከቧንቧህ ቁራጭ የተረፈ የለም?" አለኝ፤
ልጥለው የነበረ አንድ ክንድ ተቀበለኝ።
ምስማሩ ከሰል ውስጥ ፍም እስኪመስል ጋለ፤
አራት ጊዜ ወጋው፤ ጭሱ ተትጎለጎለ።
እኔ ቆሜ እያየሁ ሆዴ ተላወሰ፤
አሥር ዓመት የደፈንኩት ባንዴ የፈሰሰ
መሰለኝ።
"ይኸው ዋሽንት፥" አለኝ፥ "በል እስቲ ንፋበት።"

ነፋሁ።
ነፋስ ብቻ ወጣ፤ ድምፅ የሚባል የለበት።

ከመስከረም ማርያም እስከ ኅዳር ሚካኤል
ፉ... እላለሁ እንጂ፥ ዋሽንቱ ዝም ይላል።
ሚስቴ ሽታዬማ ከእንቅልፏ ተነስታ፥
"በየት ነው 'ሚነፍሰው?" ብላ ተንጠራርታ፥
የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፋ ተኛች።

ይህን ስነግረው ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነና፥
ጉንጬን በሁለት ጣት ይዞ አቃናና፥
"የመኪና ጎማ ነው? አትንፋው፤ ተንፍስለት።
ልጅህ ዓይኑ ውስጥ ጉድፍ ቢገባበት፥
ቀስ ብለህ፥ ሳታሳምም፥ እፍ እንደምትልለት፥
እንዲያ ነው።"

እንዲያ አልኩት።
ጮኸ።
የፋብሪካው ውሻ ጆሮውን አቆመ፤
እሱ ግን "ገና ነው" ብሎኝ ለዙር አዘገመ።

ከዚያ ደግሞ ጣት መጣ። የኔ ጣት ምን ጣት ነው?
ሲሚንቶ የበላው፥ ብረት ያደነዘው፥
አንዱን ስከድን ሌላው ሾልኮ ይከፈታል፤
"አንተን ብሎ ቧንቧ ሠራተኛ! ያፈሳል፥ ያፈሳል!"

ያኛው ክረምት ገብቶ ሳሉ ሲበረታ፥
ትንፋሽ አጥሮት ቀረ። ታዲያ አንድ ማታ
ጎኔ ተቀመጠ፤ ጣቶቹን ደርድሮ፥
"አንተ እፍ በል" አለኝ፥ "እኔ ልዝጋ" ጨምሮ።
ነፋሁለት።
ትንፋሹ የኔ ነው፤ ትዝታው የራሱ፤
አራት ጣት ሲሄዱ፥ አራት ጣት ሲመለሱ፥
እንዴት እንደሆነ ያወቅኩት ያን ለታ ነው።

በጥር ቀበርነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። የኔ ተማሪዎች
ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ባጃጅ ነጂዎች፥
ሦስተኛዋ ብርቄ፥ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፥
የወፍጮ ቀበቶ የቆረጠባት ከእጅ
የቀኝ መሐል ጣቷን፥ እስከ ግማሽ ድረስ።
"ዘርጊው" እላታለሁ፤ ትዘረጋለች፤ አይደርስ።
"ዘርጊው!"
አይደርስም።
"ከበሮ ልመጂ" አልኳት፤ እስከ በሩ ሄደች፤
ዋሽንቱን ሳትመልስ፥ ጨብጣው ቆመች።

ከሰሉን አያያዝኩ፤ ምስማሩን አጋልኩ፤
"ግማሽ ጣትሽ የት ይደርሳል?" ብዬ ምልክት አኖርኩ፤
እዚያው ወጋሁ።

ነፋች።
ትዝታ አይደለም፤ ባቲም አይመስልም፤
ሦስተኛው ድምፅ ጠሞ፥ ካወቅኩት አይገጥምም።
ላርማት ፈለግሁና፥ አፌን ከፈትኩና፥
ምን ብዬ ልረማት? ሰምቼው አላውቅምና።

ስልኬ ጠራ። እትዬ ደብሪቱ ናት።
"ቧንቧው፥ ኧረ ድረስ! ግቢዬ ኩሬ ሆነ፤ ቤቴን ውሃ በላው!"
ብርቄ ዓይኗን ጨፍና እንደገና ጀመረችው፤
ያቺ ጠማማ ድምፅ ተመልሳ እስክትመጣ
መፍቻዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ቆምኩ።

"ትንሽ ይፍሰስ" አልኳት።